በቤት ውስጥ ስለሚደረገው የቪታሚን ዲ ምርመራ፤ ለነጋዴውና ለደንበኛው ሊታወቅ የሚገባ ጉዳይ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የንግድ ከተማዎች የሚገኝ ባለሱቅ ማለዳ መዝጊያውን ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ ከባንኮኒው ኋላ ይውላል። አገሩ ፀሐይ የማይጠፋበት ቢሆንም፤ እሱ ራሱ ከፀሐይ ጋር የሚገናኘው ወደ ሥራው ሲሄድና ከሥራው ሲመለስ ብቻ ነው፤ በእነዚህም ሰዓቶች ፀሐይ ወደ አድማሱ ያዘነበለች ስለሆነች ብርሃኗ ለዓይን እንጂ ለአጥንት የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም፣ የመጋዘን ሒሳብ ያዡም፣ በመኪና ከቤቱ ወደ ሥራው የሚመላለሰው ታላቁ አስመጪም ከዚህ የተለየ ኑሮ የላቸውም። ስለዚህም ቪታሚን ዲ የተባለው፣ በሰውነት ውስጥ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ንጥረ ነገር ጉዳይ፤ የሐኪሞች ብቻ መነጋገሪያ ሆኖ ሊቀር አልቻለም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የዚህን ቪታሚን መጠን የሚለካባቸው ትንንሽ የምርመራ ሳጥኖች በመድኃኒት ቤትና በፖስታ ይሸጣሉ። ይህንኑ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር፤ ወይም ዘመዱ ከውጭ አገር የላከለትን ሳጥን ከፍቶ ለራሱ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ቢገኝ፤ ገንዘቡን ከማውጣቱና ጣቱን ከመውጋቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ቪታሚን ዲ ከሌሎቹ ቪታሚኖች የሚለየው በአብዛኛው ከምግብ የማይገኝ በመሆኑ ነው። በቆዳ ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቪታሚን ዲ ይለወጣል። ይህ ቪታሚን በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል፤ በዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ተለውጦ በደም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ኩላሊት እንደገና ለውጦ ሥራውን የሚሠራበትን መልክ ያሲዘዋል። ዋና ሥራውም ካልሲየም ከምግብ ወደ አንጀት፣ ከአንጀትም ወደ ደም እንዲገባና አጥንት እንዲጠነክር ማድረግ ነው። በነጋዴ አነጋገር፤ ቆዳ አምራች፣ ጉበት ባለመጋዘን፣ ኩላሊት ደግሞ ቸርቻሪ ነው ለማለት ይቻላል፤ ምርመራውም የሚቆጥረው በመጋዘን የተከማቸውን ነው እንጂ በየቀኑ የሚቸረቸረውን አይደለም።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም። ቲዎባልድ ፓልም የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፤ በጃፓን አገር ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ፤ በልዩ ልዩ አገሮች ከሚገኙ ሐኪሞች ጋር ተጻጽፎ፤ የልጆችን አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ የተባለው በሽታ ጭስና ጉም በበዛባቸው ከተማዎች እንጂ ፀሐይ በሚበዛባቸው አገሮች እንደማይበረክት በ1890 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ. ኩርት ሁልድሺንስኪ በበርሊን የታመሙ ልጆችን አልትራቫዮሌት በሚያበራ መብራት አዳነ፤ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሜላንቢ በለንደን ከቤት ሳያስወጣ ያሳደጋቸውን ቡችሎች በዓሣ ጉበት ዘይት ፈወሰ። አንዱ በብርሃን፣ ሌላው በዘይት ያንኑ በሽታ ማዳናቸው ብዙዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ኤልመር ማኮለም የተባለው አሜሪካዊ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ፤ ከሦስቱ ቀድመው ከታወቁት ቪታሚኖች ቀጥሎ በፊደል ተራ ዲ አለው። አዶልፍ ቪንዳውስም በዚሁ ዘርፍ ስላደረገው ምርምር በ1928 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ።

ከላይ የተጠቀሰው ሐኪም በፀሐይ አገር በሽታው አይበረክትም ማለቱ ለኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ አልሠራም። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፤ የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙት ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው ሕፃናት ጋር ሲነጻጸሩ ከ10 እጥፍ በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። የደረት አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ሳንባው እንደ ልቡ አይነፋም፤ ስለዚህ ነገሩ የእግር መጣመም ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከዚህም በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ 174 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ፤ ከመቶ 42ቱ ቪታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አገኘ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ልዩነቱ ነው፤ በከተማ ከሚኖሩት ከመቶ 61.8፣ በገጠር ከሚኖሩት ግን ከመቶ 21.2 ብቻ ነበሩ። ጥናቱን የጻፉት ሰዎች ኢትዮጵያ የምትታወቅበትን የ13 ወር ፀሐይ በርእሳቸው ላይ ማስገባታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለቱም ልጆች የሚኖሩት ከአንድ ሰማይ በታች ነው። ልዩነቱ የመጣው የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅና ውኃ ሲቀዳ ስለሚውል፤ የከተማው ልጅ ግን ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤት ስለሚመላለስ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። በመስኮት አጠገብ መቀመጥም አይበቃም፤ ቪታሚኑን የሚሠራው ጨረር መስተዋት አያልፍም፤ ስለዚህ በመስተዋት በታጠረ ዘመናዊ ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አያገኝም። ጥቁር ቆዳም ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከላከል መልካም ጋሻ በመሆኑ፤ ያንኑ ያህል ቪታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ምግቡንም ብንመለከት፤ ጤፍም ሽሮም ጎመንም ከዚህ ቪታሚን የላቸውም ለማለት ይቻላል፤ የሚገኘው በቅባታማ ዓሣ፣ በዕንቁላል አስኳልና በጉበት ሲሆን ዕንቁላልና ጉበት በጾም ቀን ከማዕድ አይቀርቡም። በዚህ ላይ ምች ይመታዋል በሚል ፍርሃት ሕፃኑን ተከናንቦ በጓዳ እንዲቆይ የሚያደርጉ ቤተ ሰቦች አሉ። የእናት ጡት ወተት ከሁሉ የተሻለ የሕፃን ምግብ ሲሆን፤ በቪታሚን ዲ ግን ድኻ ነው። ቀድሞ አያቶች አራሱን ልጅ ቅቤ ቀብተው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቁት የነበረው ልማድ፤ ምክንያቱ ያን ጊዜ በመጽሐፍ ባይገለጽም፤ የሚነቀፍ አልነበረም።

ከአገር ርቀው የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙዎቹ ይህ ቪታሚን እንደሚጎድላቸው በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጿል። በብሪታንያ ከጥቅምት ወር አንሥቶ እስከ መጋቢት መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቪታሚን ዲ ሊሠራ አይችልም፤ በዚህም ምክንያት የዚያ አገር የጤና ባለሥልጣኖች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ምክር ሕዝቡ ሁሉ በመፀውና በክረምት ወራት በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ፤ የአፍሪካ ተወላጆችና ሌሎች ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ግን ዓመቱን ሙሉ እንዲወስዱ ማሰብ እንደሚገባቸው ነግረዋል።

ወደ ምርመራው እንመለስ። የሚለካው ጉበት ውስጥ ተለውጦ በደም የሚከማቸው የቪታሚኑ መልክ ሲሆን፤ በገበያ ያሉት የቤት ምርመራዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ናሙናውን በቤት ሰጥቶ ውጤቱን ከላቦራቶሪ መጠበቅ ነው። ሰውየው የጣቱን ጫፍ በትንሽ መውጊያ ወግቶ፤ የደሙን ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ በተሠራ ክብ ምልክት ውስጥ ያንጠባጥባል፤ ሲደርቅም በፖስታ ይልከዋል። ደምን በወረቀት አድርቆ መላክ ሮበርት ጋትሪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር ያስፋፋው ዘዴ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይህንኑ ዘዴ ለቪታሚን ዲ አውሎ፤ ለማንኛውም ከፋይ በፖስታ ሲያገለግል ቆይቷል። ላቦራቶሪው ደረቁን ደም ከወረቀቱ አውጥቶ ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ ይመዝነዋል፤ ይህም መሣሪያ ዋጋው ከባድ፣ ትክክለኛነቱ ግን የተመሰከረለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ደሙ በትንሽ ፕላስቲክ ላይ ሲንጠባጠብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በቀለም መስመር መልስ የሚሰጠው ነው። ይህ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ገዢ አያጣም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አይሰጥም፤ የመስመሩን ቀለም ከካርድ ጋር አስተያይቶ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «በቂ» የሚል ፍርድ ብቻ ነው የሚገኘው። ቀለሙም በደካማ ብርሃን ሲታይና በብሩህ ብርሃን ሲታይ አንድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር አንድ አድርጎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ፤ የጨርቅ ሜትርን በክንድ የሚለካ ሰው ይመስላል።

ናሙና የሚሰጠው ሰው እጁን በሞቀ ውኃ ታጥቦ በሚገባ ያደርቅ፤ የመጀመሪያውን ጠብታ ይጥረገው፤ ጣቱንም አጥብቆ አይጭመቅ፤ ሲጨመቅ ከደሙ ጋር የሥጋው ውኃ ተቀላቅሎ ናሙናው ይቀጥናልና። ክቡ ምልክት በአንድ ጠብታ ይሞላ፤ በላዩ ላይ ሌላ አይደረብበት። ወረቀቱ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ጥቂት ሰዓት ይድረቅ እንጂ እርጥቡን በኤንቬሎፕ ቢያሽጉት ይበላሻል፤ ይህም በክረምት ወራት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ውጤቱ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከቁጥሩ ይልቅ በመለኪያው ነው። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፤ አንዱ ናኖግራም 2.5 ናኖሞል ነው። እንግዲህ «50» የሚል ወረቀት የያዙ ሁለት ደንበኞች ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ቢገቡ፤ አንደኛው በናኖሞል ከሆነ በቂ ከሚባለው መነሻ ላይ ቆሟል፤ ሁለተኛው በናኖግራም ከሆነ ወደ ላይኛው ወሰን ደርሶ ተጨማሪ እንክብል መግዛት ቀርቶ የሚወስደውንም ሊቀንስ ይገባዋል። በእንክብሉ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንድ ማይክሮግራም 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት ስለሚሆን፤ 50 ማይክሮግራም የተጻፈበት ብልቃጥ 2,000 ዩኒት ማለት ነው። በሐኪም ትእዛዝ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ባለ 50,000 ዩኒት እንክብልም ስላለ፤ «የሃምሳው» ብሎ የጠየቀውን ደንበኛ መለኪያውን ሳይጠይቁ መሸጥ በአንድ ጊዜ 25 እጥፍ መስጠት ሊሆን ይችላል።

በቂ የሚባለው መጠን ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መግለጫ፤ ከ12 ናኖግራም በታች ያለው ሰው ለጉድለት የተጋለጠ፤ 20 ናኖግራም የደረሰው ለሁሉም ሰው ለማለት በሚቻልበት ደረጃ በቂ ያለው፤ ከ50 በላይ የሆነው ግን ጉዳት ሊያገኘው የሚችል ነው ብሏል። በዚያው ዓመት የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር ወሰኑን ከፍ አድርጎ 30 ናኖግራም ያልደረሰውን ሁሉ እንደ ጎደለው ቆጠረ፤ በዚህ አቆጣጠር ብዙ ጤነኛ ሰው በአንድ ሌሊት በሽተኛ ሆነ፤ የእንክብል ገበያም አልተጎዳም። ይኸው ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲስ መመሪያ የቀድሞውን ወሰን እንደማይደግፍ፤ ጤነኛ የሆኑ ጎልማሶችም፤ ቆዳቸው ጥቁር ቢሆን እንኳ፤ ያለ ሌላ ምክንያት ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ እንደማይመክር ገልጿል። ከምርመራ በፊት ሳይለካ ተጨማሪ ቪታሚን ቢሰጣቸው ይጠቅማቸዋል ያላቸው ግን ልጆችን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንንና ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎችን ነው።

ታዲያ ምርመራው የሚጠቅመው ለማን ነው ቢባል፤ አጥንቱን የሚያመው፣ ከተቀመጠበት ለመነሣትና ደረጃ ለመውጣት ጡንቻው የሚደክምበት፣ ምግብ በአንጀቱ የማይዋሃድለት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ፈጽሞ ከቤት የማይወጣ ሰው ቢመረመር ትርፍ አለው፤ እርሱም ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ከመደርደሪያ ራሱን ማከም አይበጀውም። ልጅ እግሩ የተጣመመ ወይም መሄድ የዘገየ እንደሆነ ግን የቤት ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባዋል።

ቪታሚን ዲ ካንሰርን ይከላከላል፣ ልብን ያድናል የሚለውን የንግድ ማስታወቂያ በሚመለከት፤ በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተካፈሉበት ታላቅ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቪታሚን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት እንክብል ወስደው፤ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በካንሰር መያዝም ሆነ በልብ ሕመም በኩል ልዩነት አለመገኘቱ ታትሟል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ተከታይ ጽሑፍም የአጥንት ስብራት አለመቀነሱ ተገልጿል። እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የጎደላቸው ሆነው የተመረጡ አለመሆናቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ሙሉ በሆነ ጎተራ ላይ እህል ቢጨምሩ ባለቤቱ አይበለጽግም።

ከመጠን ያለፈ ቪታሚን ደግሞ ያለ ጥርጥር ይጎዳል። በአውስትራሊያ 2,256 አረጋውያን ሴቶች የተካፈሉበትና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርመራ፤ በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት የወሰዱት ሴቶች ካልወሰዱት ይልቅ አብዝተው እንደወደቁና አጥንታቸው እንደተሰበረ አሳይቷል። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ የውኃ ጥም፣ የሐሳብ መደናገር ይመጣል፤ ኩላሊትም ጠጠር ይይዛል። ለጎልማሳ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊያልፈው የማይገባው የቀን ወሰን 4,000 ዩኒት ነው።

አሁን ደግሞ ዕቃውን ለማስመጣት ለሚያስበው ነጋዴ። የሕክምና መሣሪያዎችና የምርመራ ዕቃዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሚተዳደሩ፤ ሳጥኑ ትንሽ ነው ተብሎ እንደ ሸቀጣ ሸቀጥ ሊገባ አይችልም፤ ከማዘዝ በፊት ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ ስለ ምዝገባው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአምራቹ ደግሞ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። ደሙ በወረቀት የሚላክ ከሆነ ወደየትኛው ላቦራቶሪ ነው የሚሄደው? ከአዲስ አበባ እስኪደርስስ ስንት ቀን ይወስዳል? ላቦራቶሪው የሥራውን ትክክለኛነት ከውጭ በሚያረጋግጥ ማኅበር ውስጥ ተመዝግቧልን? በለንደን መሥርያ ቤቱን አድርጎ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፤ ላቦራቶሪዎች ለአንድ ናሙና የሰጡትን ውጤት እያስተያየ የሚመዝን ድርጅት አለ፤ የዚህን የመሰለ የምስክር ወረቀት ማቅረብ የማይችል አምራች ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም። መሣሪያው ዲ ሁለት እና ዲ ሦስት የተባሉትን ሁለቱንም የቪታሚኑን ዓይነቶች እኩል ይቆጥራልን? አንዳንዱ ዲ ሁለትን አጉድሎ ይቆጥራልና፤ ዲ ሁለትን የሚወስድ ደንበኛ መድኃኒቱ እንዳልሠራለት ይመስለዋል።

ለጠጉርና ለጥፍር ውበት የሚሸጠው ባዮቲን የተባለው እንክብልም ይህንን ሥራ ያውካል። ከአንዳንድ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ጋር ሲጋጭ የቪታሚን ዲ መጠን ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ግን በዚህ አይታለልም። ሁለቱንም ዕቃ በአንድ መደርደሪያ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት፤ ገዢው ባዮቲን ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አንድ ጊዜ ተመርምሮ እንክብል የጀመረ ደንበኛ በሳምንቱ ተመልሶ ሌላ ሳጥን ቢጠይቅ ሊሸጥለት አይገባም፤ በደም ያለው የቪታሚን ክምችት ግማሹ ለመለወጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ፤ ሦስት ወር ያህል ሳይሞላ የተደረገ ድጋሚ ምርመራ ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚነግረው ነገር የለም። ሲደገምም በዚያው ዘዴና በዚያው ላቦራቶሪ መሆን ይገባዋል። ፀሐይን በሚመለከት ግን ወጪ የለም፤ ጥላ ከሰው ቁመት በሚያጥርበት ሰዓት፣ ይኸውም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፤ ፊትንና ክንድን ገልጦ፣ ሳይቃጠሉ ለጥቂት ጊዜ ከሱቅ በር ላይ መቆም ይቻላል፤ ደንበኛም በሚያንስበት በምሳ ሰዓት ይህ አስቸጋሪ አይሆንም።

የቀረው የማጓጓዙ ጉዳይ ነው። ፈጣን መልስ የሚሰጡት ፕላስቲክ ምርመራዎች አብዛኛዎቹ በ2 እና በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል እንዲቀመጡ በሳጥናቸው ላይ ተጽፏል፤ በጅቡቲ ወደብ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በእነዚህ ወራት ዕቃው የሚደርስበት አስመጪ፤ የአውሮፕላኑን ኪራይና የሚበላሸውን ዕቃ ዋጋ አስቀድሞ አስተያይቶ፤ የሙቀት መመዝገቢያ በየካርቶኑ እንዲገባለት በውሉ ላይ ያስጽፍ።